ሰብለ ወንጌል ለምን ባልንጀራ አጣች?

«ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ ሰው በአገራችን በጎጃም ይገኛል ብዬ አላስብም። መጽሐፉን በእጁ ይዞ ያላነበበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል፤ ይህንንም ያልሰማ ከሰማ ሰው ሰምቷል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለዚሁ መጽሐፍ ልጽፍ ነው ስል «ደግሞ ስለ እሱ ምን ያልተባለ ነገር አለና?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ ስለ ጉዱ ካሳ ጥበብ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጠይቀው ግን አንዲት ትንሽ ጥያቄ ናት። ይኸውም ሰብለ ወንጌል የልቧን የምታካፍላት እኩያ ሴት ባልንጀራ ነበረቻትን? ካልነበረቻትስ ምክንያቱ ምንድን ነው? የሚል ነው።

ወደ ጥያቄው ከመግባቴ በፊት መጽሐፉን ገና ላላነበቡ ታናናሾቻችን ጥቂት ቃል መናገር ይገባኛል። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ተወላጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከዋል፤ ወደ ጣሊያን አገርም ተወስደው ታስረዋል። ከዚያም በኋላ በውጭ አገር የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በአገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ኋላም «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልምዣት» የተባሉትን ልብ ወለዶች ጽፈዋል። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው።

እኛ የጅጋ ልጆች ይህን መጽሐፍ የምናነብበት ዓይን ከሌላው አንባቢ ዓይን ትንሽ ይለያል። ከጅጋ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው ማንኩሳን አልፎ ነው የሚሄደው። ታሪኩ የሚጀምረው በዚያ ነው። የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቻችን በአውቶቡስ መስኮት የምናየውን ሜዳና የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ለሌላ አገር ሰው ደራሲው የፈጠረው ሊመስለው ይችላል፤ ለእኛ ግን የገበያ መንገድ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ግን ከእኛ ይርቃል፤ ወደ ብቸና በኩል ነው። ስለዚህ በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ መድረሱ ለዚያ ዘመን ተማሪ ትንሽ ጉዞ አልነበረም።

አሁን ወደ ፍቅሩ ልለፍ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያነሣው የሁለቱን ወጣቶች ፍቅር ነው። እኔ ግን ከእሱ አስቀድሞ የሚመጣው የቦጋለና የውድነሽ ነገር ተዘልሎ መታለፉ ያሳዝነኛል። ውድነሽ ያገባቻቸው ባሎች እየሞቱባት ሰው የሸሻት ሴት ናት። እንዲህ ያለችቱን ሴት በአገራችን «ገፊ» ይሏታል፤ ይህን ስም ያወጣ ሰው ሟቹን ባሏን ማን እንዳስታመመው አይጠይቅም። ቦጋለ ደግሞ የራሱ ቤት ያልነበረው ሰው ነው። ሁለቱ የተገናኙት ወጣትነታቸው ካለፈ በኋላ ነው። ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው፣ ግጥም ተላልከው አይደለም። አንዱ የሌላውን ብቸኝነት አይቶ፣ ሥራ አብሮ ሠርቶ፣ ቀስ በቀስ የተገነባ ትዳር ነው። ልጃቸው በዛብህ ሲታመምባቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት፤ የልጁ ዕድሜ ሙሉ የሚያስጨንቀው ነገር ከዚያ ስእለት የመጣ ነው። በእኔ አስተያየት ደራሲው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ሊነግሩን የፈለጉት ፍቅር የባላባት ቤት ዕቃ አለመሆኑን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገኘው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። በዛብህ ዲማ ላይ በትምህርቱና በድምፁ የታወቀ ሰው ሆነ። ፊታውራሪ መሸሻም ልጃቸውን እንዲያስተምርላቸው ወደ ቤታቸው አስገቡት። ልብ በሉ፤ ፍቅሩ የተጀመረው በግብዣ ወይም በገበያ ላይ አይደለም፤ በፊደል ገበታ ላይ ነው። ሰብለ እስከዚያ ቀን ድረስ የተነገራት ሁሉ ትእዛዝ ነበር። እንዲህ ተቀመጪ፣ ይህን አትንኪ፣ ከእገሌ ጋር አትነጋገሪ ሲሏት ኖረዋል። መምህር ግን በባሕርዩ ይጠይቃል፤ ጠይቆም መልስ ይጠብቃል። እኔ እንደማምነው ሰብለ በመጀመሪያ የወደደችው የበዛብህን መልክ አይደለም፤ መልስ የሚጠብቅላት ሰው ማግኘቷን ነው። በቋንቋችን እንዲህ ያለው ሰው ስሙ ባልንጀራ ነው። እንግዲህ በዛብህ ለሰብለ ውሽማ ወይም እጮኛ ከመሆኑ በፊት የመጀመሪያ ባልንጀራዋ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ የሚነሣው። ሰብለ ወንጌል ሕፃን አይደለችም። አባቷ በአጥንት የሚመጥናት ሰው የለም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ስለሚመልሱባት የመዳሪያዋ ዕድሜ አልፏል፤ በዚያ ዘመን እኩዮቿ ሁሉ ተድረው ልጅ የሚያዝሉበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ስትነጋገር ኖረች? መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብብ ይህችን ሴት እየፈለግሁ አነበብሁ። ያሳደጓትና የሚያገለግሏት ሴቶች በቤቱ አሉ። እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነት አሉ። ቤቱ በሴት ድምፅ የተሞላ ነው። ነገር ግን እንደ እኩያ ተቀምጣ «አንቺ ተሳስተሻል» የምትላት፣ ወይም «አይዞሽ፣ እኔም እንዳንቺ ነኝ» የምትላት ሴት አላገኘሁላትም። ምክሯን የምትፈልገው ከካሳ ዳምጤ፣ ሰዉ ጉዱ ካሳ ከሚለው ዘመዷ ነው። እሱም ወንድ ነው፤ በዕድሜም ይበልጣታል፤ በዚያ ላይ አገሩ ሁሉ እንደ እብድ የሚቈጥረው ሰው ነው።

የዚህ ምክንያት ምንድን ነው ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ታየኝ። ሰብለን ባል ያሳጣትና ባልንጀራ ያሳጣት ግድግዳ አንድ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው እኩያ ባል ከአገሩ ጠፋ ካሉ፣ እኩያ ባልንጀራስ ከየት ትመጣለች? ባል ቢሆን ከሩቅ አገር ከሌላ ባላባት ቤት ተጭኖ ይመጣል፤ ባልንጀራ ግን ተጭና አትመጣም። ባልንጀራ የምትገኘው ከጎረቤት፣ ከወንዝ ዳር፣ ከእንጨት ለቀማ ነው። የፊታውራሪ ልጅ ደግሞ ውኃ አትወርድም፤ እንጨት አትለቅምም። የምትወርደው ገረዷ ናት። እንግዲህ ክብር ተብሎ የተሰጣት ነገር የሴት ልጅ ወዳጅነት የሚበቅልበትን ስፍራ ሁሉ ዘጋባት። የፊታውራሪ ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት ያልተገባ ግብር አንሰጥም ብለው ሲነሡ የዚህን ትዕቢት ውጫዊ ገጽ እናያለን፤ ውስጣዊ ገጹን የምናየው ግን በሰብለ ክፍል ውስጥ ነው። ገበሬው ቢያንስ አብሮት የሚነሣ ጎረቤት ነበረው።

አገልጋይ ባልንጀራ መሆን አትችልምን? የሚል ሰው ይኖራል። ትወዳታለች፤ ምሥጢር ትጠብቅላታለች፤ ስታለቅስ አብራት ታለቅሳለች። ይህን አልክድም። ነገር ግን ጌታዋ በቈጣ የተነሡ እንደሆነ የመጀመሪያው ጅራፍ የሚያርፈው በማን ጀርባ ላይ ነው? የሰብለ ምሥጢር ለአገልጋይዋ ሸክም ነው፤ የአገልጋይዋ ምሥጢር ግን ለሰብለ ወሬ እንኳ አይሆንም፤ ማንም ጠይቋት አያውቅምና። አንዷ ብቻ የምትናገርበት ነገር ወዳጅነት ለመባል ይከብደዋል።

ይህ ችግር በእኛ መጽሐፍ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ያነበበ ሰው የዡልየትን ሞግዚት ያስታውሳል። ያቺ ሞግዚት መልእክት ታመላልሳለች፤ ትቀልዳለች፤ የልጅቱን ደስታ እንደ ራሷ ደስታ ታያለች። ነገሩ ሲከርር ግን የመጀመሪያውን ትተሽ አባትሽ ያመጣልሽን አግቢ ብላ ትመክራለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ኑሮዋ በቤቱ ጌታ እጅ ስለሆነ ከዚያ የራቀ ምክር ሊታያት አይችልም። ዡልየትም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቧን ዘግታ ወደ መነኩሴው ትሄዳለች። እንግዲህ አስተውሉ፤ የቬሮናይቱ ልጅ ወደ መነኩሴ፣ የዲማይቱ ልጅ ወደ ጉዱ ካሳ። ሁለቱም የደረሱት ከተማረ ሽማግሌ ዘንድ ነው። አንዲትም እኩያ ሴት በመካከሉ አልቆመችም።

የእንግሊዝ አገር ደራሲ የነበረችው ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ ሴቶችና ስለ ልብ ወለድ ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር አንሥታ ነበር። የምትለውም፣ በጥንት መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ሴቶች ብንቈጥር ሁሉም የአንድ ወንድ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም ፍቅረኛ ናቸው፤ ሁለት ሴቶች ተዋድደው ስለ ሥራቸውና ስለ ሐሳባቸው ሲነጋገሩ የምናየው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው ነው። ይህን ነገር የሰማሁት ከሥነ ጽሑፍ መምህራችን ነው። ያን ቀን ከክፍል ወጥቼ ያነበብኋቸውን የአማርኛ ልብ ወለዶች በጣቴ ቈጠርሁ። በመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት ታሪክ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ትጓዛለች። ከ50 ዓመት በላይ ቈይቶ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ብቻዋን ወደ አዲስ አበባ ትነሣለች። ሴት ልጅ ከቤቷ ወጥታ መንገድ ለመጀመር መጀመሪያ ሴትነቷን መደበቅ ያስፈልጋት ነበር። ጦቢያስ ቢያንስ አባቷ ከጎኗ ናቸው።

በክፍላችን ይህን ሐሳብ ባቀረብሁ ጊዜ አንድ የክፍል ጓደኛችን ጠንካራ ተቃውሞ አመጣብኝ። እንዲህ አለ፤ «ደራሲው ለሰብለ ባልንጀራ ቢሰጧት ኖሮ ታሪኩ ይበላሽ ነበር። ሐዘኗን የምታካፍላት ሴት ብትኖራት የፍቅሯ ክብደት ይቀልል ነበር። ብቸኝነቷ ነው ፍቅሯን እስከ መቃብር ያደረሰው።» ይህ ንግግር ቀላል አይደለም፤ ሁለት ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሰብለ ከበዛብህ በቀር ሌላ መስኮት ስለሌላት ያ መስኮት ሲዘጋ ዓለሙ ሁሉ ይጨልማል፤ አንባቢውም አብሯት ይጨልምበታል። ደራሲው ይህን አውቀው ያደረጉት ከሆነ ጥበባቸው ነው። ግማሹን ግን አልቀበልም። ምክንያቱም ጓደኛችን የተናገረው ስለ ታሪኩ ውበት ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ልጅቱ ነው። አንዲት ልጅ ለውበት ስትባል ብቻዋን መቅረት አለባት ብሎ የሚፈርድ ሰው ልጅቱን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሥዕል እያያት ነው። ወንዶች ልጆች ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ሴቶቹ አልሳቁም።

የሴቶች ወዳጅነት በዚያ ዘመን ከቶ አልነበረም እንዳይባል አያቴን ጠይቄአታለሁ። አያቴ መጻፍና ማንበብ አታውቅም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን በሬዲዮ ሰምታው ጉዱ ካሳን እንደ ዘመድ ታነሣዋለች። ባልንጀራ ነበረሽ ወይ ብላት «እንዴታ! ውኃ ስንወርድ ነዋ» አለችኝ። ሴት ልጅ ከእናቷ ዓይን የምትርቀው እንስራ ስታዝል ብቻ ነበር። ስለዚህ ልጃገረዶቹ ምንጩ ዳር ቈመው ማን ማንን እንደ ወደደ፣ ማን ለማን እንደ ታጨች፣ ማን ሽማግሌ እንደ ላከ ይነጋገሩ ነበር። በጳጉሜን መጨረሻ ለዘመን መለወጫ እንግጫ ነቀላ ወደ መስክ ሲወርዱ ደግሞ ቀኑ የልጃገረዶች ቀን ነበር። እያዜሙ እንግጫውን ነቅለው፣ ከአደይ አበባ ጋር ጐንጉነው ይመለሳሉ። ይህን ወግ እኛም በሕፃንነታችን ደርሰንበታል። ቀጥዬ «ታዲያ እነዚያ ባልንጀሮችሽ የት ደረሱ?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከዚያም በጣቷ እየቈጠረች አንዷ ወደ ደምበጫ፣ አንዷ ወደ ቋሪት፣ አንዷ ወደ ቡሬ ተድረው እንደ ሄዱ ነገረችኝ። ከሠርጓ በኋላ ከአንዲቱ ጋር የተገናኘችው በለቅሶ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሴት ልጅ የምትዳረው ወደ ባሏ አገር ስለሆነ ወዳጅነቱ በሠርጉ ዕለት ያበቃል። ሙሽራይቱ ስትሸኝ የሚያለቅሱት ልጃገረዶች የሚያለቅሱት ለወጉ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አያቴ ግን «ለራሳችን ነበር የምናለቅስ» አለችኝ።

እንግዲህ ደራሲው ያላሳዩን ነገር ያልነበረ ነገር አይደለም። ነበረ፤ የነበረው ግን ወንድ ልጅ በማይደርስበት በምንጭ ዳርና በጓዳ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ልጅነታቸውን በቈሎ ተማሪነት ስላሳለፉ የተማሪን ረኃብ፣ የመምህርን ቈጣ፣ የደብተራን ተንኮል እንደ ዓይናቸው ብሌን ያውቁታል፤ እነዚህን ሲጽፉ ብዕራቸው ይፈስሳል። የባላባትን አዳራሽም ያውቁታል። የምንጩን ዳር ግን እንዴት ሊያውቁት ይችላሉ? ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም አንዲት ሴት በአጥንት ቈጠራ ምክንያት ዕድሜዋ ሲባክን በ1958 ዓ.ም. ይህን ያህል ገልጸው መጻፋቸው ደፋርነት ነው። መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ወንድ በ18 ዓመቱ ማግባት ይችላል ይል ነበር። ለሁለቱም 18 ዓመት ያደረገው የ1992ቱ የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ነው። በመካከሉ 40 ዓመት አለ።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ አውጥቼ ወደ ሕግና ወደ ዕድሜ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን ከገጠር የመጣን ተማሪዎች ነን። ሁለትም ሦስትም ሆነን በከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቻችን ሄደን የሳምንቱን ድርቆሽ፣ በሶና ቈሎ ተሸክመን እሑድ እንመለሳለን። ወላጆቻችን ይህን ሲሰሙ የሚያስቡት ችግሩን ነው፤ ችግርም አለበት። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያቺ ክፍል የሰብለ ወንጌል ቤት ያልነበራት ክፍል ናት። አንዲት ኩራዝ ወይም አንዲት አምፖል ሥር ተቀምጠን ሒሳብ የምናስረዳዳበት፣ የምንጣላበት፣ ታርቀንም ሽሮ የምንሠራበት ስፍራ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት 10ኛ ክፍል ሳለን፣ ከእኛ ጋር ትኖር የነበረች አንዲት ልጅ ለጥምቀት ወደ ቤቷ ሄዳ በዚያው ቀረች። ስሟን የማልጠቅሰው በፈቃዷ ነው፤ ይህን እንድጽፍ ግን ራሷ ነግራኛለች። ሳምንት ጠበቅናት፤ ከዚያ በኋላ ወሬ መጣ፤ ለፋሲካ ማግሥት ልትዳር ተቈርጦላታል ተባለ። ዕድሜዋ ገና 16 ነበር። ምን እንደምናደርግ አላወቅንም። አንዷ «ለመምህራን እንንገር» አለች፤ አንዷ «አባቷ ይቈጣሉ፤ ነገሩ ይብሳል» አለች። በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ተነሥተን በእግራችን ወደ ቀበሌዋ ሄድን። አባቷ ከእርሻ አልተመለሱም ነበር። እናቷ ቤት ነበሩ። እኛም ወግ የምናውቅ ልጆች ነንና ገብተን ዝም ብለን አልተቀመጥንም፤ አንዷ ቡና ቈላች፤ አንዷ ውኃ ወረደች፤ እኔ ከጓደኛችን ጋር ሆኜ ጤፍ አበጠርሁ።

ማታ አባቷ ሲመጡ ሊቈጡ ነው ብለን ፈርተን ነበር፤ አልተቈጡም። «ምን ልትሉ መጣችሁ፣ ልጆቼ?» አሉ። ማናችንም መልስ አልያዝንም። ክርክር ብንገጥም ኖሮ እንደ ንቀት ይቈጠርብን ነበር። አንደኛዋ ግን የጓደኛችንን የሴሚስተር ካርድ ይዛ ኖሮ አወጣችና ነጥቧን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። «ባዮሎጂ 88፤ ሒሳብ 81።» አባቷ አንባቢ ስላልነበሩ ካርዱን ማንም አንብቦላቸው አያውቅም ነበር። ካርዱን ተቀብለው ገልብጠው አዩትና ለእናቲቱ ሰጡ። በዚያች ሌሊት እዚያው አደርን። እናቲቱ ሌሊቱን ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ድምፅ ግን ሲነጋገሩ እሰማ ነበር። ጓደኛችን ከፋሲካ በፊት ተመለሰች። የታጨላት ሰው ወገን ቅር ተሰኝቷል፤ አባቷም ለሰጡት ቃል ካሣ የሚሆን ነገር ሳይከፍሉ እንዳልቀሩ እንጠረጥራለን፤ እሷም ይህን ስታስብ ዛሬም ፊቷ ይለወጣል። ዘንድሮ አብራን 12ኛ ክፍል ናት።

ይህን ያወራሁት ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። እኛ ያደረግነው ሄዶ መቀመጥና ጤፍ ማበጠር ነው፤ የቀረውን ያደረጉት እናትና አባቷ ናቸው። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ወዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነብብ ፊታውራሪ መሸሻ ደጃፍ ላይ ሦስት ልጃገረዶች መጥተው ቢቀመጡ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እያልሁ አስባለሁ። ፊታውራሪ በአጥንታቸው የሚመኩ ሰው ናቸውና በአሽከር አስባርረው ይሰድዷቸው ይሆናል። ምናልባትም ነገሩ አንድ ጠጠር ያህል አይነቃነቅም። ሰብለ ግን በመስኮት ታያቸው ነበር።

ጓደኛዬ፣ ያችው ራሷ፣ በዚህ አትስማማም። መጽሐፉን እኔ ነኝ ያስነበብኋት፤ በሦስት ቀን ጨረሰችው። የእሷ ፍርድ ከእኔ ይልቅ ለደራሲው ያደላል። «አንቺ የምትፈልጊው ወዳጅነት በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ለወንድ ስለ ተሰጠ ነው ያላየሽው» አለችኝ። ጉዱ ካሳ ማለቷ ነው። በእርግጥም መጨረሻውን ተመልከቱ። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ስትጓዝ በመንገድ ላይ ለሞት የሚያበቃ ጉዳት ደርሶበት ታገኘዋለች፤ እሱም ይሞትባታል። እሷም መንኵሳ በመቃብሩ አጠገብ ትኖራለች። ካሳም ወደዚያው ይመጣል። በመጨረሻም በአንድ ስፍራ የሚያርፉት ሁለት ሰዎች አይደሉም፤ ሦስት ናቸው። ፍቅረኞቹ ሁለቱ፣ ሦስተኛውም ባልንጀራቸው። ብዙ ሰው መጽሐፉን ሲያወራ ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ አላሰብሁትም ነበር። ደራሲው «እስከ መቃብር» ሲሉ ለባልንጀራም በመቃብሩ ውስጥ ስፍራ ትተውለታል ማለት ነው።

ይህን ተቀብያለሁ። ሆኖም ካሳ ከዲማ ተነሥቶ ወደ መቃብሩ ለመምጣት ልብሱን መለወጥና ማንነቱን መደበቅ አላስፈለገውም፤ በገዛ እግሩ፣ በገዛ ስሙ መጣ። እንደ ካሳ ያለች ሴት በዚያ አገር ብትኖር እንዴት አድርጋ ትመጣ ነበር? በዚህ ነገር ላይ እኔና ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማንም። እሷ «እንደ ሰብለ መነኩሴ መስላ ትመጣ ነበር» ትላለች። እኔ ደግሞ አንድ መነኩሴ በመንገድ ላይ ብቻውን ሲሄድ ያየ ሰው ዝም ይላል፤ ሁለት ጢም የሌላቸው ወጣት መነኮሳት ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ግን ይጠረጥራል እላለሁ። «የልምዣት»ን ገና አላነበብነውም። መጽሐፉ በአብያተ መጻሕፍቱ አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ሰኞ ድረስ በእሷ ተራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእኔ ይደርሳል።